ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ውሃና ሳሙና

እንደ ግራና ባሉ የሰሜን ወሎ ከተሞቻችን ብዙ ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ማታ ይለቀቃል። ሌሊቱን ከማን ጋር ሲናከስ እንዳደረ ባለቤቱም አያውቅም።

እንዲህ ያለ ውሻ ልጃችሁን ባቱ ላይ ከነከሰው፣ ጥርሱ ጫር ብቻ ቢያደርገው እንኳ፣ ጀሪካኑን አንሱ። ውሃውን እያንቆረቆራችሁ በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። ልጁ ያለቅሳል፤ እናንተ ግን አታቋርጡ። ቡናም ቅጠልም አትነስንሱበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እዚያ ከሌለ ወደ ወልድያ ሂዱ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ጠበሉን የሚከለክላችሁ የለም፤ መርፌው ግን ይቅደም።

ውሻውንስ? በደህና ማሰር ከተቻለ አትግደሉት፤ 10 ቀን ተከታተሉት። ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ሳትቀርቡት ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ቡችላ ያላችሁ ደግሞ 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ በየዓመቱም ይደገምለት።