በግራር ሥር ያገኘናት አበባ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ባለፈው ክረምት ለዓመት ዕረፍቴ ወደ መቂ ወርጄ ሳለሁ፥ ከቤታችን ጀርባ ባለው የግራር ዱር ውስጥ ቁጥቋጦ ይዛ የወጣች አንዲት አበባ አየሁ። ቀይና ቢጫ ሆና የእሳት ነበልባል ትመስላለች። እኔ በውበቷ ስደነቅ የእኅቴ ልጅ ሥሯን በእንጨት ቆፍሮ አውጥቶ፥ «ጋሼ፥ ስኳር ድንች አገኘሁ!» አለኝ። በዚያ የሚያልፉ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ይህን ሰምተው፥ «ጣለው ልጄ፥ እጅህንም ታጠብ!» ሲሉ ጮኹ። ስሟን ብጠይቃቸው፥ «ስሟን እንጃ፤ ክፋቷን ግን እናውቃለን» አሉኝ።

የዱር አበባን ለይቶ ማወቅ የሥራ ፈት ጨዋታ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

አበባ በቀለሙ ብቻ አይለይም። በመስከረም አደይ አበባ ብለን የምንቀጥፈው እንኳ በሊቃውንት ዘንድ ከአንድ የበለጠ ዓይነት አለው። ስለዚህ አንዱን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቄ፥ የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፌ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ወሰድሁት። ይህ ቤት የዕፅዋት መዝገብ ቤት ነው፤ እኛ ደብዳቤን በፋይል እንደምናኖር፥ በዚያም የደረቀ ተክል በወረቀት ላይ ተጣብቆ በየወገኑ ይቀመጣል።

የአበባዋ ምልክቶች አራት ናቸው። አንደኛ፥ የቅጠሏ ጫፍ እንደ ክር ቀጥኖ በሌላው ተክል ላይ ይጠመጠማል። ሁለተኛ፥ ስድስቱ የአበባዋ ቅጠሎች ዳር ዳራቸው ተሸብሽቦ ወደ ኋላ ይቆለመማሉ። ሦስተኛ፥ ከመካከሏ የሚወጣው ቀጭን ዘንግ ወደ ጎን ይታጠፋል። አራተኛ፥ ሥሯ ሁለት ጣቶች በአንድ ወገን የተጋጠሙ ይመስላል።

ስሟም ግሎሪዮሳ ሱፐርባ ነው። ይህን ስም በ1753 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያተመው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኒየስ ሲሆን፥ ትርጓሜውም «ክብርን የተመላች፥ ኩሩ» እንደ ማለት ነው። ዚምባብዌም ብሔራዊ አበባዋ አድርጋታለች።

ይሁን እንጂ በመላ አካሏ፥ ይልቁንም በሥሯ፥ ኮልቺሲን የሚባል መርዝ አለባት። ሐኪም ይህንኑ በጥቂቱ መጥኖ ለሪህ ሕመም ያዝዘዋል፤ ሥሩን የበላ ሰው ግን ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ትውከትና ብርቱ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሊሞትም ይችላል። በስሪ ላንካ ስኳር ድንች መስሏቸው በልተው የሞቱ መኖራቸውን ሐኪሞች ጽፈዋል። ሥሩን መቀቀልም ያድናል ተብሎ አይታመንም። ሕመሙ ዘግይቶ ስለሚመጣ፥ የበላ ልጅ ደኅና ቢመስልም እንኳ ሳይውል ሳያድር ከተክሉ ቁራጭ ጋራ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ ይገባዋል።

እነሆ፥ የስም ጥቅም በዚህ ይታወቃል። አረጋዊቷ ክፋቷን ያውቁ ነበር፤ ሐኪሙም መርዙን ያውቃል። ሁለቱን ዕውቀቶች የሚያገናኛቸው ግን ስሟ ነው። «አንድ ቀይ አበባ በላ» ተብሎ ለሐኪም ቢነገረው ምን ሊያደርግ ይችላል?

አበባዋ ትነቀል አልልም፤ ዱሩ ቤቷ ነው። የእኅቴ ልጅም ዛሬ ጓደኞቹን ወደዚያ እየወሰደ የቅጠሏን ጫፍ ያሳያቸዋል፤ ሥሯን ግን አይነካም።