ስለ ሜክሲኮው ሯጭ ስለ አርቱሮ ባሪዮስ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አርቱሮ ባሪዮስ ልንናገር መሆናችን በተሰማ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያላገኘ ሰው ምን ይወራለታል?» ብለውን ነበር። እኛም የመረጥነው ስለዚሁ ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ባሪዮስ የሜክሲኮ ከተማ ልጅ ነው። እንደኛው ተማሪ ነበረ፤ በአሜሪካ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ተመረቀ። ለስፖርት ጊዜ የለንም የምንል ሁሉ ይህን ልብ ብንለው አይከፋም።

ኦገስት 18 ቀን 1989 በርሊን ላይ 10,000 ሜትር በ27 ደቂቃ ከ8.23 ሴኮንድ ሮጦ፣ ፖርቱጋላዊው ፌርናንዶ ማሜዴ ከ1984 ጀምሮ ይዞት የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ከ5 ሴኮንድ በላይ አሻሻለው። ይኸውም የ400 ሜትሩን ሜዳ 25 ጊዜ፣ እያንዳንዱን ዙር በ65 ሴኮንድ ግድም መዞር ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱን ዙር ብቻ በዚህ ፍጥነት የሚጨርስ ካለ እጁን ያውጣ!

ለኛ ግን ከዚህ የሚበልጥብን ማርች 30 ቀን 1991 በፈረንሳይ አገር በላ ፍሌሽ ያደረገው ነው። የአንድ ሰዓት ሩጫ የሚባለው ውድድር መድረሻ መስመር የለውም፤ ሰዓቱ ሲሞላ ሯጩ የደረሰበት ይለካል። ባሪዮስ በ60 ደቂቃ 21,101 ሜትር ሮጠ፤ በዚያው ሩጫ የ20,000 ሜትሩንም ክብረ ወሰን ወሰደ። ግማሽ ማራቶን 21,097 ሜትር ተኩል ነው። እንግዲህ ግማሽ ማራቶንን ከአንድ ሰዓት በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሲሆን፣ የተረፈው ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ነበር! በመንገድ ላይ ይህ የተደረገው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1993 ኬንያዊው ሞሰስ ታኑዊ ሚላን ላይ በ59 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ሲገባ ነው።

ታዲያ ሜዳልያው የት ቀረ? በ1988 በሴኡል 10,000 ሜትር አምስተኛ ወጣ። በ1992 በባርሴሎና፣ የኛው አዲስ አበበ ሦስተኛ በሆነበት ሩጫ፣ ዳግመኛ አምስተኛ ሆነ። በእኛ አስተያየት ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለክብረ ወሰን የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱን ራሱ ይመድባል፤ በኦሊምፒክ ግን ሌሎቹ ድንገት ሲፈተለኩ መከተል ግድ ይሆንበታል። ዓመቱን ሙሉ አጥንቶ በፈተናው ቀን አምስተኛ የሚወጣ ተማሪ ሰነፍ ነው የሚለን መምህር ካለ ይንገረን።

በ1994 የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ። ስለዚህ የሚወቅሱት ይኖራሉ፤ ክብረ ወሰኖቹን ግን የሮጠው ለሜክሲኮ ነው።

የ10,000 ሜትሩን ክብረ ወሰን በ1993 ኬንያዊው ሪቻርድ ቼሊሞ ሰበረበት። የሰዓቱ ሩጫ ግን ከ16 ዓመት በላይ የሚደፍረው አጣ። በመጨረሻ ጁን 27 ቀን 2007 በቼክ አገር በኦስትራቫ የኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 21,285 ሜትር ሮጦ በ184 ሜትር በለጠው። የሚገርመው፣ የኃይሌ ወኪል የነበረው ሆላንዳዊው ዮስ ሄርመንስ ከ1976 ጀምሮ የዚሁ ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረ፤ የወሰደበትም ባሪዮስ ነው።