ከወደቀ ቅጠል በታች ያሉ ሠራተኞች



በኻርቱም ከተማ፥ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ አጠገብ፥ አል ሱኑጥ የሚባል የግራር ደን ለብዙ ዘመን ኖሯል። የከተማው ሕዝብ በጥላው ያርፍ፥ ከሩቅ አገር የሚመጡ አዕዋፍም ይሰፍሩበት ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ዛፎቹ በብዛት ተቈርጠው ማገዶ ሆኑ።

ይህን ጥፋት የሰማ ሰው ሁሉ የሚያዝነው ለግንዱ፥ ለጥላውና ለወፎቹ ነው። ይሁን እንጂ ደን በተቈረጠ ቍጥር ማንም የማያለቅስለት ሌላ ነዋሪ አብሮ ይጐዳል፤ ይኸውም በወደቀው ቅጠል ውስጥ የሚኖረው፥ ማይት የሚባለው ጥቃቅን ፍጥረት ነው።

ማይት ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን ነው። ሲፈለፈል ስድስት፥ ሲያድግ ስምንት እግር አለው። በደን ቅጠል ውስጥ በብዛት የሚገኙት ኦሪባቲዳ የተባሉት አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ስለ ሆኑ፥ ላያቸው ሰው የትቢያ ቅንጣት ይመስላሉ። ሊቃውንት ከ10,000 የሚበልጡ ዓይነቶቻቸውን ለይተው ጽፈዋል። በቀዝቃዛ አገር የጥድ ደን፥ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ብቻ ከ100,000 በላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ሥራቸው ምንድር ነው ቢባል፥ የሞተውን ቅጠልና በላዩ የሚበቅለውን ሻጋታ ይበላሉ። ቅጠሉ በሆዳቸው አልፎ ልሞ ሲወጣ ባክቴሪያ በቀላሉ ይይዘዋል፤ የሻጋታውንም ዘር ተሸክመው ከቦታ ቦታ ያደርሳሉ። በዚህ ዓይነት በቅጠሉ ታስሮ የነበረው ናይትሮጅን ወደ አፈር ተመልሶ ለሥር ምግብ ይሆናል።

እንደ ኻርቱም ባለ ደረቅ አገር ይህ ሥራ ከቍጥር አይገባም የሚል ቢኖር፥ በሰሜን አሜሪካ በቺዋዋ በረሓ ተደርጎ በ1981 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ይመልስለታል። ተመራማሪዎቹ በመሬት ወደ ተቀበረ ቅጠል ማይት እንዳይደርስ በመድኃኒት ቢከለክሉ፥ ማይት ይበላቸው የነበሩት ጥቃቅን ትሎች በዙ፤ ትሎቹም ባክቴሪያውን ስለ ፈጁት ቅጠሉ ሳይበሰብስ ዘገየ።

ኦሪባቲዳ ክንፍ የሌላቸው፥ እድገታቸው የዘገየ፥ እንቍላላቸውም ጥቂት ስለ ሆነ፥ ቤታቸው አንድ ጊዜ ከፈረሰ ፈጥነው አይመለሱም። ስለዚህ ችግኝ መትከል ብቻውን ደንን አይመልስም፤ የወደቀው ቅጠል በወደቀበት እንዲቀር መተው ያስፈልጋል።

ይህ ነገር መምህርን በቅርብ ይመለከተዋል። በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ማለዳ ከዛፍ ሥር ያለውን ቅጠል ጠርገው እንዲያቃጥሉ ይታዘዛሉ። ንጽሕና መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም በክፍል ውስጥ ስለ አፈር ለምነት እየተማሩ በደጅ የአፈርን ምግብ ማቃጠል ትምህርቱን ማፍረስ ነው። ከግቢው አንድ ማዕዘን ሳይጠረግ ቢቀር ለትምህርት ቤቱ ወጪ የሌለው ቤተ ሙከራ ይሆናል።

መሣሪያውም ቀላል ነው። ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ ቤርሌዜ በ1905 ዓ.ም. ያወጣውን፥ ስዊድናዊው ቱልግሬን ኋላ በአምፑል ያሻሻለውን ዘዴ ማንኛውም መምህር ሊሠራው ይችላል። ወፍራም ወረቀት እንደ ጥሩምባ ይጠቀለላል፤ በአፉ ላይ ወንፊት፥ በወንፊቱም ላይ አንድ እፍኝ ቅጠል ይደረጋል፤ ከታች ጥቂት አልኮል ያለበት ብርጭቆ ይቀመጣል፤ ከላይ አምፑል ይበራል። ፍጥረታቱ ሙቀቱንና ድርቀቱን ሸሽተው ሲወርዱ ከብርጭቆው ይገባሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተማሪው በአጉሊ መነጽር ሲመለከት፥ ትቢያ የመሰለው ነገር እግር ያለው ሆኖ ያገኘዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ የደኑ ኃይል ከእነዚህ ጥቃቅኖች ኅብረት ጭምር ነው። የአል ሱኑጥ ደን እንደገና የሚለማበት ቀን ሲመጣ፥ ችግኙን የሚተክሉት ዛሬ በክፍል የተቀመጡት ልጆች ናቸው። በዚያ ቀን ከተተከለው ዛፍ ሥር መጥረጊያና ክብሪት ይዞ የሚመጣውን ሰው ምክንያቱን አስረድተው የሚከለክሉ እንዲሆኑ፥ መምህራቸው ዛሬ አንድ እፍኝ ቅጠል ያሳያቸው።