ለጓሮ ዶሮ በብርድ ወራት እሳት ያስፈልጋል ወይ?

(የማኅበሩ ጸሐፊ በወሩ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩን ነጥቶ እናገኘዋለን። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችሁ «ለዶሮዎቻችን ከሰል እናስገባ ወይስ አናስገባ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ማኅበሩ በገንዘቡ መብራት ይሳብልን ያላችሁም አላችሁ። መልሱን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ አንድ ማታ ዶሮዎቼ አሳዘኑኝና ፍም የሞላ ማንደጃ ቤታቸው አስገባሁ። ብርድ እንዳይገባ ብዬ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቅሁት። ጠዋት ስከፍት ከዘጠኙ ሰባቱ ከቆጡ ወድቀው ሞተዋል። ብርዱ አልገደላቸውም፤ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ እኔ ግን ካራውን ራሴ ይዤላቸው ገባሁ።

ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል። ሰውንም ይገድላል። ደግሞ ጉዝጓዙ ጭድ ነው። አጥራችን የተያያዘ ስለሆነ እሳት ቢነሳ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ላባዋ የሞላ ጤነኛ ዶሮ በእኛ አገር ብርድ ተጨማሪ ሙቀት አያስፈልጋትም። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከኛ ይበልጣል። ላባዋን ነፋ አድርጋ፣ ቆጥ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተጠጋግታ ታድራለች። የሚጎዳት እርጥበትና በቀጥታ የሚመታት ነፋስ ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ በቆጡ በኩል ያለውን ቀዳዳ ድፈኑ፤ ከጣራው ሥር ያለውን መተንፈሻ ግን ተዉት።
2ኛ/ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን። ስትገቡ ሽታው ዓይን ካቃጠለ ቀይሩት።
3ኛ/ ማታ ከመስፈራቸው በፊት እህል ጨምሩላቸው። ምግቡ ነው የሚያሞቃቸው።

የጫጩት ነገር ሌላ ነው። ላባ እስኪያወጣ፣ ማለት እስከ 6 ሳምንት ገደማ፣ ሙቀት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ። እናት ያለችው ከሆነ ታቅፋ ታሞቀዋለች። እናት ከሌለው ዙሪያውን ድርቆሽ የተጠቀጠቀበት፣ አየር የሚያስገባ ሳጥን ውስጥ ይደር። ጫጩቶቹ ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ተበትነው ከበሉ ደኅና ናቸው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ማንም በዶሮ ቤት ከሰል እንዳያስገባ እንስማማ፤ ለመብራት መሳቢያ የተባለውም ገንዘብ አይውጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ እንዳትቀሩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ