ያልታጠበው ሳህን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሥርዓት የሙያ ሁሉ መሠረት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ጥቂት መዝረክረክ ሥርዓት የማይሰጠውን የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

በለንደን በሴንት ሜሪ ሆስፒታል ይመራመሩ የነበሩት ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ጠረጴዛቸውን ባለማስተካከል የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1928 በበጋ ለዕረፍት ሲሄዱ፣ ባክቴሪያ ያራቡባቸውን ሳህኖች ሳያጥቡ በጠረጴዛው ጥግ ቆልለው ተዉአቸው። በሴፕቴምበር ሲመለሱ አንደኛው ሳህን ሻግቶ ቆያቸው፤ በሻጋታው ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያ ግን ሟሙቶ ጠፍቶ ነበር። ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚህ ሳህን ነው። ጠረጴዛው በየዕለቱ የሚጸዳ ቢሆን ኖሮ ሳህኑ አስቀድሞ በታጠበ ነበር።

እንዲህ ሲባል ግን መዝረክረክ ብቻውን ፍሬ ያፈራል ማለት አይደለም። የሻገተ ሳህን ለብዙ ሰው የተበላሸ ሥራ ብቻ ነው፤ ፍሌሚንግ ግን ከመጣላቸው በፊት ተመለከቱት። ሻጋታውን ለሕሙማን መድኃኒት እንዲሆን ያበቃው ደግሞ ፍሎሪና ቼይን ከባልደረቦቻቸው ጋር በኦክስፎርድ ያካሄዱት በሥርዓት የተመራ ድካም ነው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ስለዚህ የሰው ሕይወት የተመካበት የመድኃኒትና የናሙና መደርደሪያ ሥርዓቱ ከቶ አይነካ። በባለሙያው የግል ጠረጴዛ ላይ ግን ያልተጠረገ አንድ ጥግ ይኑር፤ የተበላሸ የመሰለውም ነገር ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ይታይ።