የመጀመሪያው ደንበኛ ማን ይሁን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቴክኖሎጂ ሥራ ፈጠራ ነው። ርዕሱ ሲነሳ አንዳንዶቻችን «ይህ የልጆቹ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን በየቤታችን ኮምፒውተር ተምረው የተመረቁ ሴቶች ልጆች አሉን። ለትምህርታቸው ከቡድናችን ቁጠባ እየተበደርን ከፍለናል። ከተመረቁም በኋላ ሥልጠና ወስደዋል፤ የምስክር ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጎደለው ሥራቸውን ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ለዚህ ጥያቄ ትምህርት ይሰጠናል ብለን የመረጥነው በደቡብ ምዕራብ ህንድ የሚገኘውን የኬራላን ክልል ነው። ኬራላ ለእኛ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንና ከዚያም በኋላ በየትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች ነበሩ። የራስ አገዝ ቡድን አሠራርም እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አገራችን ሲገባ መነሻው የህንድ ሴቶች ልምድ ነበር።

የኬራላ ክልላዊ መንግሥት ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችን የሚደግፍበት መሥሪያ ቤት አለው፤ ስሙ ኬራላ ስታርትአፕ ሚሽን ይባላል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሥራውን የሚጀምረው ገና ከኮሌጅ ነው፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኮሌጆች ውስጥ ተማሪዎች ሐሳባቸውን የሚሞክሩባቸው ማዕከላት አሉት። በትሪቫንድረምና በኮቺ ከተሞች ደግሞ መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ወጣት ገብቶ የናሙና ዕቃ የሚሠራባቸው ፋብላብ የሚባሉ ወርክሾፖች አሉ። የገንዘብ ድጋፉ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ መጀመሪያ ለሐሳብ፣ ቀጥሎ ሐሳቡን ምርት ለማድረግ፣ ከዚያም ምርቱን ለማስፋፋት። አንዱን ደረጃ ሠርቶ ያሳየ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ሥልጠና፣ የሥራ ቦታና የመነሻ ገንዘብ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ከኬራላ ልንማር የሚገባን ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ መንግሥት ራሱ ደንበኛ የሚሆንበት አሠራር።

ጀማሪ ድርጅት ወደ መንግሥት ጨረታ ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን። የሦስት ዓመት ልምድ አምጣ ይባላል፤ የጨረታ ማስከበሪያ አስይዝ ይባላል፤ ከዚህ በፊት የሠራህላቸውን ድርጅቶች ዘርዝር ይባላል። ትናንት የተቋቋመ ድርጅት ከየት ያምጣ? ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ሥራ። ይህንን ቋጠሮ ለመፍታት የኬራላ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ በስታርትአፕ ሚሽን ከተመዘገቡ ጀማሪ ድርጅቶች በቀጥታ እንዲገዙ ፈቀደ። ጣሪያው ቀደም ሲል 2 ሚሊዮን ሩፒ ነበር፤ በኋላ ወደ 5 ሚሊዮን ሩፒ ከፍ ብሏል። ስታርትአፕ ሚሽን በመሃል ሆኖ የመሥሪያ ቤቱን ችግርና የወጣቶቹን መፍትሔ ያገናኛል።

አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። በህንድ ከተሞች የፍሳሽ ጉድጓድ የሚጸዳው ሰው ገብቶበት ነበር። ሕግ ቢከለክለውም በጉድጓዱ ውስጥ ባለው መርዛማ ጋዝ ብዙ ሠራተኞች ሞተዋል። ጄንሮቦቲክስ የሚባል፣ የኬራላ የምህንድስና ተማሪዎች የመሠረቱት ድርጅት፣ ሰው ሳይገባ ጉድጓዱን የሚያጸዳ ባንዲኩት የተባለ ሮቦት ሠራ። ስታርትአፕ ሚሽን ድርጅቱን ከክልሉ የውኃ ባለሥልጣን ጋር አገናኘው፤ ሮቦቱም እ.ኤ.አ. በ2018 በትሪቫንድረም ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሌሎች የህንድ ከተሞችም ገዙት። የመጀመሪያው ገዢ ባይገኝ ኖሮ የሁለተኛው በር አይከፈትም ነበር።

«ይህ የምህንድስና ተማሪዎች ታሪክ ነው፤ እንደ እኛ ላሉ ሴቶች ምን ይጠቅማል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ እዚያው ኬራላ አለ። ኩዱምባሽሪ የሚባለው የሴቶች መረብ እ.ኤ.አ. በ1998 በክልሉ መንግሥት ተቋቁሟል። ትርጉሙ «የቤተሰብ ብልጽግና» ማለት ነው። ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ይቆጥባሉ፣ ይበዳደራሉ፤ ቡድኖቹ ተያይዘው እስከ አካባቢ አስተዳደር ድረስ ይደርሳሉ። ዛሬ አባላቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አሠራሩ የእኛን ይመስላል አይደል?

ከእነዚህ ቡድኖች መካከል የኮምፒውተር ሥራ የጀመሩ አሉ። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ሴቶች ተደራጅተው መረጃ ወደ ኮምፒውተር የማስገባት፣ ኮምፒውተር የመገጣጠምና የማስተማር ሥራ ይዘዋል። ሥራውን የሰጣቸው በአብዛኛው መንግሥት ነው፤ በወረቀት የነበረውን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንዲያዛውሩ ለእነርሱ አዘዘ። ገቢ አገኙ፤ ከገቢው ጋር በቤትና በሰፈር የሚሰማ ድምፅ አገኙ። ስታርትአፕ ሚሽንም ቢሆን በሴቶች ለሚመሩና የመንግሥት ትዕዛዝ በእጃቸው ለገባ ጀማሪ ድርጅቶች በዝቅተኛ ወለድ ብድር ይሰጣል። ቤትና መኪና በስሟ ለሌላት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገርም አለ። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ድርጅት፣ ያ ደንበኛ ክፍያ ሲያዘገይ ወይም ማዘዙን ሲያቆም ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንበኛ መወጣጫ እንጂ መኖሪያ አይሁን። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገዢ መፈለግ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር።

አገራችንም ባዶ እጇን አይደለችም። ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች በመንግሥት ጨረታ ሲሳተፉ፣ በማስከበሪያው ምትክ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ የሚያቀርቡበት አሠራር አለ። ይህንን አውቀን መጠቀም፣ ከዚያም በላይ እንዲሄድ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። ለዚህ ሦስት ሐሳቦች ይዘን ቀርበናል።

አንደኛ፣ እኛ ራሳችን ደንበኛ እንሁን። የየቡድናችን የቁጠባና የብድር መዝገብ እስከ ዛሬ በደብተር ነው። ልጆቻችን በስልክ የሚሠራ መዝገብ ይሥሩልን፤ እኛም እንደ ማንኛውም ባለሙያ እንክፈላቸው። በነጻ አሠርተን «ጎበዝ ልጅ» ብሎ መመረቅ አይበቃም። አዲሱ መዝገብ ትክክል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ደብተሩ ጎን ለጎን ይቀጥል፤ የእያንዳንዳችን ሳንቲም የታመነ ቦታ ይገባዋልና።

ሁለተኛ፣ ትዕዛዝን ዋስ ያደረገ ተዘዋዋሪ ብድር እናቋቁም። አንዲት ልጃችን ከጤና ጣቢያ የ100 ሺህ ብር የመረጃ ሥራ ውል አገኘች እንበል። ለኢንተርኔት፣ ለኮምፒውተር ኪራይና ለረዳቶቿ ደመወዝ ገንዘብ የሚያስፈልጋት ዛሬ ነው፤ ክፍያው የሚመጣው ግን ሥራው ሲያልቅ ነው። ማኅበሩ ውሉን አይቶ ያበድራት፤ ክፍያው ሲገባ ትመልስ፤ ገንዘቡም ለሌላዋ ይሻገር። የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ የሰጣችሁን ሥልጠና ሁሉ ጠቅሞናል፤ እናመሰግናለን። በሚቀጥለው ዓመት ከሥልጠናው በጀት ከፊሉ ወደዚህ ብድር እንዲዞር እንጠይቃችኋለን።

ሦስተኛ፣ ወደ ክልሉ ቢሮ የምንልካቸውን ተወካዮች እንምረጥ። የሚያቀርቡት ጥያቄ ግልጽ ይሁን፦ ትልልቅ የኮምፒውተር ሥራዎች ጀማሪ ድርጅት በሚችለው መጠን ይከፋፈሉ፤ ለትንንሾቹ ሥራዎች የልምድ መጠየቂያው ይቅለል፤ ክፍያ በውሉ ቀን ይፈጸም፤ ጉዳዩን ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ አንድ ኃላፊ ይመደብ።

አንዲት ሴት ብቻዋን ቢሮ ለቢሮ ብትዞር «ነገ ነይ» ትባላለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ማኅበሩ ሲጠይቅ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

እነዚህን ሦስት ሐሳቦች በየቡድናችሁ ተወያዩባቸው፤ የሚቀነሰውን ቀንሱ፣ የሚጨመረውን ጨምሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ በእያንዳንዱ ላይ ድምፅ እንሰጣለን።