ዳሌክና የሰዓታችን ሒሳብ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አገር ቤት እናቶቻችን በኪሮሽ የሠሩት ዳንቴል ቴሌቪዥኑን ያለብስ ነበር። እኛ ደግሞ እዚህ ለንደን በዚያው ኪሮሽ ከቴሌቪዥኑ የወጡትን ፍጡራን እንሠራለን። ልጆቻችን «ዶክተር ሁ»ን ይወዳሉ። ቢቢሲ ይህን ተከታታይ ፊልም ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ዳሌክ የሚባሉት ክፉዎችም ብቅ ያሉት በዚያው ዓመት ነው። ከመካከላችን አንዷ ዳሌክን መጀመሪያ ስታይ «ይሄ ዐይን ያወጣ መሶብ ነው እንዴ?» ብላ አስቃናለች።

አሠራሩ አይከብድም። ከሥር ሰፋ አድርገን በክብ እንጀምርና ወደ ላይ ስንወጣ በየዙሩ ቁጥሩን እየቀነስን እናጠበዋለን። የጎኑን እብጥብጥ ለብቻ ሠርተን እንሰፋበታለን፤ አናቱ ሳይዘጋ ጥጥ እንሞላዋለን። ልጆቻችን ታሪኩን ይነግሩናል፤ እኛ የክር አያያዝ እናሳያቸዋለን። አማርኛው ለእነሱ፣ እንግሊዝኛው ለእኛ ባጠረን ቀን እንኳ ወሬ አይጠፋም።

ባለፈው ባዛር 12 ዳሌኮችን በ8 በ8 ፓውንድ ሸጥን፤ 96 ፓውንድ ገባ። አጨበጨብን። መዝገቡን ስንዘጋ ግን ክርና ጥጥ 30 ፓውንድ ወስዷል፤ የቀረው 66 ነው። አንዱ 6 ሰዓት ስለሚፈጅ በድምሩ 72 ሰዓት ሠርተናል። በሰዓት 1 ፓውንድ እንኳ አልደረሰንም። የክሩን ደረሰኝ ስንይዝ የጣታችንን ድካም ማንም አልመዘገበውም ነበር።

በ1974 ለቶም ቤከር ስካርፍ እንድትሠራ ለቤጎኒያ ፖፕ ብዙ ክር ተሰጣት፤ እሷም የተሰጣትን ሁሉ ሠርታ ጨረሰችው። ያ ረጅም ስካርፍ እስከ ዛሬ ይታወቃል። እኛም የተሰጠንን ክር ሳናስተርፍ እንጨርሳለን፤ ሰዓታችንን ግን እንቁጠር።

ሌላም ጉዳይ አለ። ዳሌክ ባለቤት ያለው ፍጡር ነው። በ2008 ቢቢሲ አንዲት የፊልሙ አፍቃሪ የዚሁ ፊልም ፍጡራንን የሹራብ አሠራር ከኢንተርኔት እንድታነሳ ጠይቋት ነበር። ያለ ፈቃድ መሸጣችን ስሕተት ነበር፤ በማኅበሩ ስም የሚመጣ ችግር ደግሞ ለሁላችን ይተርፋል።

ስለዚህ ዳሌኩ ለልጆቻችን አልጋ ይሁን። ለሽያጭ የራሳችንን እንሥራ። ከልጆቻችን አንዷ ነጠላ የለበሰች የጠፈር ተጓዥ ሥላ አምጥታለች፤ የመጀመሪያዋ ተሠርታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ከእያንዳንዷ ጋር የወሰደችው ሰዓት ይጻፋል፤ ዋጋዋም በዚያው ይሰላል።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው ባዛር ዋጋው ከፍ ብሎ ብታገኙት አትደንግጡ። የተጨመረው የእህቶቻችሁ የሥራ ሰዓት ነው።